ጓንዡ ምግብ ቤት ሲገቡ፦ ከማዘዝዎ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ለዕቃ ግዢም ሆነ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ለሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርኢት ጓንዡ የሚወርደው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ብዙ ሰው ከሆቴሉ ቁርስ፣ ከያዘው ድርቆሽና በሶ፣ ወይም ሺያኦቤይ አካባቢ ካሉት የአፍሪካና የዐረብ ምግብ ቤቶች ፈቀቅ ሳይል ይመለሳል። ለምን ሲባል «ምግባቸው አይበላም» ይላል። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ጎብኚውን የሚያሰናክለው ምግቡ ሳይሆን አስተዛዘዙ ነው። ቾፕስቲክ መያዝ በጥቂት ቀን ይለመዳል፤ ካልተለመደም ማንኪያ ይመጣል። አሳማ መሆኑ ሳይታወቅ የተበላ ምግብ፣ ዋጋው በ50 ግራም መሆኑ ሳይታወቅ የታዘዘ ሎብስተር ግን አይመለሱም። ሁለቱንም ማስቀረት የሚቻለው ከማዘዝ በፊት በሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአበላል ይልቅ በአጠያየቅ ላይ ያተኩራል።

1. የቤቱን ዓይነትና ሰዓቱን ይለዩ

የካንቶን፣ ማለትም የጓንዡና የአካባቢዋ፣ ምግብ ቤት ሲባል አንድ ዓይነት ቤት አይደለም። ጠዋት በሻይ የሚጀምርና ዲም ሰም የሚባሉትን ትንንሽ ምግቦች የሚያቀርብ ሻይ ቤት አለ። በመስታወቱ ላይ የተጠበሰ ዝይ፣ ዶሮና አሳማ ሰቅሎ፣ እየከተፈ በሩዝ ላይ የሚሸጥ ጥብስ ቤት አለ። በር ላይ የዓሣ ገንዳ የደረደረ፣ ማታ ቤተሰብና የሥራ ባልደረባ ክብ ጠረጴዛ ከቦ የሚበላበት ትልቅ ምግብ ቤትም አለ። አንዳንዱ ትልቅ ቤት ጠዋት ሻይ ቤት፣ ማታ የዓሣ ቤት ይሆናል። ልዩነቱ የሚጠቅመው በዚህ ነው፦ ብቻዎን ከሆኑ ሦስተኛው ዓይነት ቤት አይመችዎትም። እዚያ አንዱ ሳህን ለሦስትና ለአራት ሰው ታስቦ የሚሠራ ስለሆነ፣ ብቻውን የገባ ሰው ወይ አንድ ዓይነት ምግብ ጠግቦ ይወጣል፣ ወይ የማይጨርሰውን ይከፍላል። ለብቸኛ ሰው ጥብስ ቤት ወይም ጠዋት ሻይ ቤት ይሻላል።

ዲም ሰም የጠዋትና የቀን ምግብ ነው። ብዙዎቹ ሻይ ቤቶች ማለዳ ይከፍታሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አዛውንቶች ገና በጠዋት ጠረጴዛውን ይይዙታል። በር ላይ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ይነግሩና የወረፋ ቁጥር ይወስዳሉ፤ ቁጥሩ የሚጠራው በቻይንኛ ስለሆነ ወረቀቱን ለአስተናጋጁ እያሳዩ በቅርብ ይቁሙ። ወረፋ ካስመረረዎት በሥራ ቀን ረፈድ ሲል ይምጡ። ከቀትር በኋላ ዋጋ የሚቀንሱም አሉ። ሲጨናነቅ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሊያስቀምጡዎት ይችላሉ፤ ይህ የተለመደ ነው፣ ሒሳቡም ለየብቻ ነው።

2. የማይበሉትን አስጽፈው ይያዙ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህኛው ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሥጋ አልበላም» ብሎ ነገሩን የጨረሰ ሲመስለው ነው። ለወጥ ቤቱ ሥጋ ማለት በሳህኑ ላይ የሚታየው ቁራጭ ነው። ከአሳማ አጥንት የተቀቀለ መረቅ፣ አትክልቱ የተጠበሰበት የአሳማ ስብ፣ ለጣዕም የተነሰነሰ የደረቀ ሽሪምፕ፣ በጎመኑ ላይ የፈሰሰ የኦይስተር ሶስ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። አስተናጋጇ ጎመኑን «ሥጋ የለውም» ብላ ስታቀርብ እየዋሸች አይደለም፤ የተጠየቀችውን መልሳለች። በቻይንኛ ሜኑ ደግሞ የእንስሳው ስም ሳይጠቀስ ሥጋ ብቻ ከተባለ አሳማ ነው፤ የበሬ፣ የበግና የዶሮ ከሆነ ስሙ ይጻፋል። ስለዚህ ጥያቄው ዝርዝር መሆን አለበት፦ የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ የአሳማ መረቅ፣ ደም፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ የኦይስተር ሶስ እያለ አንድ በአንድ።

ይህን ዝርዝር የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ወይም እንግሊዝኛ የሚችል የፋብሪካ ሠራተኛ በቻይንኛ በካርድ ላይ ይጻፍልዎትና ፎቶ አንስተው በስልክዎ ያስቀምጡት። በትርጉም መተግበሪያ ብቻ አይተማመኑ። የጉግል አገልግሎቶች ቻይና ውስጥ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም፤ ሌላ መተግበሪያ ቢያገኙም ሜኑ ላይ ያሉ የምግብ ስሞች ብዙ ጊዜ ስለ ዕድልና ስለ አበባ የሚያወሩ ያጌጡ ስሞች በመሆናቸው ካሜራው ቢተረጉማቸውም ውስጣቸው ምን እንዳለ አይነግርም። ፎቶ እያዩ መጠቆምም እንዲሁ ነው፤ ፎቶ ስብና መረቅ አያሳይም።

ዝርዝሩ እንደ ሰውየው ይለያያል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በፍስክ ቀንም ቢሆን አሳማውን ብቻ ሳይሆን ክንፍና ቅርፊት የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ሁሉ የሚተው ከሆነ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን በዝርዝሩ ይግቡ። የሥጋውም አስተራረድ ካስጨነቀው ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቶፉና አትክልት ይቀሩታል፤ ደግነቱ የካንቶን ወጥ ቤት ትልቁን ችሎታውን የሚያሳየው በእነዚሁ ነው። ለጾም ቀን ከሁሉ የሚሻለው የቡድሃ እምነት ተከታዮች ምግብ ቤት ነው። እነዚህ ቤቶች በቤተ መቅደሶች አካባቢ ይበዛሉ፤ ቤይጂንግ ጎዳና አጠገብ ባለው በዳፎ ቤተ መቅደስ ዙሪያ መፈለግ ይቻላል። ሥጋም ዓሣም ወደ ወጥ ቤቱ አይገባም። በሳህኑ ላይ ዶሮ ወይም ዓሣ የሚመስል ነገር ቢቀርብ አይደንግጡ፤ ከቶፉ፣ ከእንጉዳይና ከስንዴ የተሠራ ነው። እንቁላልና ወተት ግን ሊኖር ስለሚችል እሱን ይጠይቁ።

ለሙስሊም አንባቢ «ያለ አሳማ» የሚለው አይበቃም። በተራ የካንቶን ወጥ ቤት መጥበሻውም፣ መክተፊያውም፣ ቢላውም አንድ ነው። ሐላል የሆነው ቤት ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነ የሐላል ምልክት ይሰቅላል። በከተማው ሁሉ የሚገኙት የላንዦው የእጅ ፓስታ ቤቶች በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ምግባቸው ግን የሰሜን ምዕራብ ቻይና እንጂ የካንቶን አይደለም። የካንቶንን ምግብ ሐላል ሆኖ ለማግኘት ፍለጋ ይጠይቃልና ከመሄድዎ በፊት አድራሻ ይያዙ።

ይህን ሁሉ መዘርዘር አስተናጋጁን ያሰለቻል የሚል አለ። እንደሚመስለኝ ፍርሃቱ መሠረት የለውም። የአገሩ ሰው ራሱ ሳይጠይቅ አያዝም፦ ዛሬ የትኛው ዓሣ ገባ፣ የትኛው ጎመን ወቅቱ ነው፣ በምን ይሠራል እያለ ይመረምራል። በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ የሚከለከሉ ቡድሂስቶችም ጥቂት አይደሉም። ምግብ ቤቱ ጥያቄውን ለምዶታል፤ የማያውቀው እርስዎ ያልተናገሩትን ነው።

3. ሻዩን ይምረጡ፣ ዕቃውን ያለቅልቁ

ሻይ ቤት እንደተቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ሻይ የሚል ነው። ፑኤር ጠቆር ያለና ቅባት ካለው ምግብ ጋር የሚስማማ ነው። ቲዬ ጓንዪን ጠረኑ ደስ ይላል፤ የጃስሚን ሻይ ለለመደው ቀላል ነው፤ የአበባ ሻይ ከፈለጉ ክሪሳንተመም ይዘዙ። ስኳር አይፈልጉ። የሻዩ ዋጋ በሰው ቁጥር ይታሰባል፤ ባይጠጡም ይከፍላሉ፤ ይህ ማታለል ሳይሆን የመቀመጫ ያህል ነው። ስንት እንደሆነ ግን ይጠይቁ፤ እንደ ሻዩ ዓይነት ይለያያልና።

ከሻዩ ጋር አንድ ባዶ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይመጣል። ሾርባ የሚጠብቅ ሰው ግራ ይገባዋል። የመጀመሪያው ትኩስ ሻይ አይጠጣም፤ በትንሹ ሳህንዎ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሲኒው በጎኑ ይነከርና ዙሪያውን ይንከባለላል፣ የቾፕስቲኩ ጫፍና ማንኪያው ይታጠባሉ፣ ከዚያ ውኃው ሁሉ ወደ ትልቁ ሳህን ይደፋል። በፕላስቲክ የታሸገ ዕቃ ቢቀርብም ሰዉ ያለቀልቃል። ቤቱን እንደ መስደብ አይቆጠርም፤ ባለቤቱም ያደርገዋል። ሰው ሻይ ሲቀዳልዎት በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ምስጋና ነው፤ ወሬ ሳያቋርጡ ለማመስገን ይመቻል። እርስዎ ሲቀዱ ደግሞ ከሌላው ጀምረው በመጨረሻ ለራስዎ ይቅዱ። ውኃ ሲያልቅ አስተናጋጅ መጥራት አያስፈልግም፤ የበራዱን ክዳን ገለጥ አድርገው ቢተዉት መጥቶ ይሞላዋል።

4. ዲም ሰሙን በጥቂት ጀምረው ይጨምሩ

ትዕዛዙ ወይ በወረቀት ላይ ምልክት በማድረግ ነው፣ ወይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮድ በስልክ አንስቶ በመምረጥ። ምግቦቹ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፣ ልዩ እየተባሉ በዋጋ ደረጃ ይመደባሉ፤ ስያሜው የዋጋው ነውና «ትልቅ» ማለት ብዙ ምግብ ነው ብለው አይገምቱ። በአንድ የቀርከሃ ሙዳይ ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ፍሬ ይሆናል። ለአንድ ሰው በ2 ወይም በ3 ዓይነት ይጀምሩና ሲያልቅ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ 10 ያዘዘ ሰው ግማሹን ቀዝቅዞ ይበላዋል፤ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ ሲቀዘቅዝ ይደድራል። ምግቡ የሚመጣው እንደደረሰ ስለሆነ ጣፋጩ ቀድሞ ቢመጣ ትዕዛዙ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

አሁን ውስጡን እንይ። ሃ ጋው፣ ስስ ነጭ ሊጥ ለብሶ ውስጡ ሮዝ የሚመስለው፣ ሽሪምፕ ነው። ሲው ማይ፣ ቢጫ ልብስ ኖሮት ላዩ የተከፈተው፣ አሳማና ሽሪምፕ ነው። ቻ ሲው ባው የሚባለው ለስላሳ ነጭ ዳቦ ውስጡ ጣፈጥ ያለ የአሳማ ሥጋ ነው። ቾንግ ፈን፣ ከሩዝ ሊጥ የሚጠቀለለው፣ በሽሪምፕ፣ በአሳማ ወይም በበሬ ሥጋ ይሠራል፤ ስለዚህ የበሬውን ለይቶ ማዘዝ ይቻላል። የበሬ ሥጋ ድብልብሉ ግን አንዳንድ ቤት የአሳማ ስብ ስለሚቀላቀልበት ካርድዎን ያሳዩ። በሎተስ ቅጠል የሚጠቀለለው ሎ ማይ ጋይ ዶሮ በሩዝ ቢባልም አሳማ አያጣውም። ጾመኛን ይበልጥ የሚያሳስተው ሎ ባክ ጎ ነው፤ ከነጭ ራዲሽና ከሩዝ ዱቄት የተሠራ አትክልት ይመስላል፣ ውስጡ ግን የተከተፈ የአሳማ ቋሊማና የደረቀ ሽሪምፕ አለበት። የእንቁላል ታርት ሊጥ በአሳማ ስብ የተለወሰ ሊሆን ይችላል። ማ ላይ ጎ የተባለው የእንፋሎት ኬክ እንቁላል አለው። ማ ታይ ጎ፣ ከውኃ ውስጥ ሥር ዱቄትና ከስኳር የሚሠራው ብርሃን የሚያሳልፍ ጣፋጭ፣ ለጾም ከሚሆኑት ነው፤ የሚጠበስበትን ዘይት ብቻ ያረጋግጡ። ጁክ የሚባለው የሩዝ አጥሚት በዓሣ ሲሠራ መልካም ቁርስ ነው፣ መሠረቱ የአሳማ አጥንት መረቅ መሆን አለመሆኑን ግን መጠየቅ አይቀርም።

5. ማታ ለጠረጴዛው ሁሉ ይዘዙ፣ ዓሣውን አስመዝነው ይዘዙ

እንደኛው ማዕድ ሁሉ ምግቡ መሃል ይቀመጥና ሁሉም ከዚያ ይበላል። ስለዚህ «እኔ ይህን፣ አንተ ያንን» እያሉ ማዘዝ ገንዘብም ጣዕምም ያባክናል። ለ4 ሰው 4 ወይም 5 ዓይነት ይበቃል፤ አንድ ዓሣ፣ አንድ ዶሮ ወይም ዝይ፣ አንድ ቶፉ፣ አንድ ቅጠል። ለሰዓታት የተቀቀለው ሾርባ ከምግቡ በፊት ይጠጣል፤ አብዛኛው የአሳማ አጥንት አለበትና ካርድዎ እዚህም ይሠራል። ቅጠሉን ቾይ ሰም ወይም ጋይ ላን አድርገው፣ በነጭ ሽንኩርትና በአትክልት ዘይት እንዲሠራ፣ የኦይስተር ሶሱ እንዲቀር ይጠይቁ።

ገንዘብ የሚጠፋው ገንዳው ጋ ነው። የቁም ዓሣና ሎብስተር ዋጋ በክብደት ነው። በዋናው ቻይና አንድ ጂን 500 ግራም ነው፤ አንድ ሊያንግ ደግሞ 50 ግራም። ውድ የሆኑት የባሕር ምግቦች ላይ የተለጠፈው ዋጋ በሊያንግ ሊሆን ይችላል፤ በጂን መስሎት ያዘዘ ሰው 10 እጥፍ ይከፍላል። ሜኑው ላይ ቁጥር ሳይጻፍ «የዕለቱ ዋጋ» ከተባለም ዋጋውን ሳይሰሙ አይስማሙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ዓሣውን ይጠቁሙ፣ በጂን ነው በሊያንግ ብለው ይጠይቁ፣ እንዲመዘን ያድርጉ፣ ድምሩን በስልክ ካልኩሌተር ያስጽፉ፣ ከዚያ አሠራሩን ይምረጡ። ዓሣውን ከነሕይወቱ በመረብ አምጥተው ማሳየት የተለመደ ነው። ሆንግ ኮንግ ከተሻገሩ መለኪያው ይለወጣል፤ እዚያ አንድ ጂን ወደ 600 ግራም ይጠጋል።

አሠራሩን በእንፋሎት ያድርጉት። ዓሣው ለደቂቃዎች ብቻ ይበስላል፤ በላዩ ቀጭን ቀጭን ሆኖ የተከተፈ ዝንጅብልና የቅጠል ሽንኩርት ይደረጋል፣ የጋለ ዘይት ሲፈስበት ይንጫጫል፣ ከዚያ ለስለስ ያለ የአኩሪ አተር ሶስ ይጨመራል። በበርበሬና በሚጥሚጣ ያደገ ሰው «አልጫ ነው፣ ጣዕም የለውም» ይላል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ ግን የሚፈርደው በሌላ ወጥ ቤት ሚዛን ነው። እኛ ዘንድ ጣዕሙ የሚሠራው በቁሌቱና በቅመሙ ነው፤ እዚያ ጣዕሙ ዓሣው ራሱ ነው፣ ለዚህም ነው ከገንዳ ወጥቶ ወዲያው የሚሠራው። ትኩስ ያልሆነ ዓሣ በዚህ አሠራር መደበቂያ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ እንዳለ ይቅመሱት፤ ካልጣመዎት የቃሪያ ሶስ ይጠይቁ፣ ማንም አይቀየምም። በአንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ባክ ቺት ጋይ የሚባለው ቅቅል ዶሮ አጥንቱ አካባቢ ቀላ ብሎ ይቀርባል፤ ሆን ተብሎ ነው። ደም የሚያስጠላዎት ከሆነ በሶይ ሶስ የተቀቀለውን ወይም የተጠበሰውን ዶሮ ይዘዙ።

6. ተጋብዘው ከሆነ ቀድመው ይናገሩ

ከፋብሪካ ጋር ውል ያለው ነጋዴ መጋበዙ አይቀርም። እዚህ ጋ የሚነሳው ጥያቄ ከባድ ነው፦ እንግዳ የቀረበለትን መብላት እንጂ መምረጥ ነውር አይደለም ወይ? ባህላችን እንዲህ ያስተምራልና ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይሄድና ምግቡን ሳይነካ ይቀመጣል። ጋባዡን የሚያሳፍረው ግን ይህ ዝምታ ነው። ጋባዥ ምግቡን ለሁሉም የሚያዘው ራሱ ነው፣ ክብሩም ያለው እንግዳው በደንብ በመብላቱ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ካርድዎን ዊቻት በሚባለው የቻይና መተግበሪያ ቢልኩለት ሥራውን ያቀሉለታል። መጠጥ የማይጠጡ ከሆነም አብረው ይጻፉት፤ በሻይ ሲኒ ጽዋ ማንሳት ጓንዡ ውስጥ ይቻላል።

እስኪያስቀምጡዎት ይጠብቁ፤ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር የክብር ቦታ ነው። በሁለት ቀለም የተለያየ ሁለት ጥንድ ቾፕስቲክ ካገኙ አንደኛው ከመሃል ማንሻ፣ ሌላው መብያ ነው። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገው አይትከሉ፣ ለሙታን ከሚተከል ዕጣን ጋር ይመሳሰላል። የዓሣው አንድ ወገን ሲያልቅ አይገልብጡት፤ የጀርባ አጥንቱ ተነስቶ የታችኛው ሥጋ ይበላል። አጥንት በትንሹ ሳህን ላይ ይቀመጣል።

7. ሒሳቡን ያንብቡ

ክፍያው ከሆቴል ሳይወጡ ይዘጋጃል። አሊፔይ እና ዊቻት የውጭ አገር ቪዛና ማስተር ካርድ ይቀበላሉ፤ ማረጋገጫው ግን ፓስፖርት ስለሚፈልግ ምግብ ቤት ተቀምጠው የሚጀምሩት ሥራ አይደለም። አነስ አነስ ያሉ የዩዋን ኖቶችም ይያዙ። ሒሳብ ለመጠየቅ «ማይ ዳን፣ ም ጎይ» ይበሉ። ወረቀቱ ላይ ከምግቡ ሌላ የሻይ ዋጋ፣ ሳያዙት ጠረጴዛው ላይ የቀረበ ለውዝ፣ የታሸገ እርጥብ መጥረጊያ ሊኖር ይችላል፤ ለውዙንና መጥረጊያውን ካልፈለጉ ሲቀርቡ ነው መመለስ ያለባቸው። የዓሣው ክብደት ከተመዘነው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ጓንዡ ውስጥ ቲፕ አይጠበቅም፤ ሆንግ ኮንግ ግን ብዙ ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሒሳቡ ላይ ይጨምራሉ። የተረፈውን ማስጠቅለል አያሳፍርም፤ ዕቃ መያዣው በጥቂት ዩዋን ይሸጣል።